ጃጂ ንጎጃና የወርቅነሽ ለቅሶ

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጉዮ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ማማ ሳሚ፣ ጃጂ ሄዱ» ሲለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ደግሞ የት?» የሚል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሌላ ስብሰባ ተጠርተው፣ ወይ መኪናቸው የማርሳቢት መንገድ ላይ ተሰብሮ፣ ብቻ እንደ ልማዳቸው ቀጠሮ ያራዘሙ መስሎኝ ነው። ነጠላ የምታማርጥ ደንበኛዬን ትቼ፣ አላልኩህም፣ እኚህ ሰውዬ ዘንድሮም ፍርድ አይሰጡም እያልኩ ልቀጥል ስል ጉዮ ኮፍያውን አወለቀ። ጉዮ ለማንም ኮፍያ የሚያወልቅ ሰው አይደለም። ያኔ ገባኝ። እቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ እንዳሉ፣ ልባቸው ቀጥ ብላ ነው አለኝ።

አዘንኩ ልበላችሁ? ማዘኑ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሰው በሰው ሞት ይናደዳል እንዴ ብትሉኝ፣ እኔ ተናድጃለሁ። ወርቅነሽን እስር ቤት አስቀምጠው፣ ክርክሩን ከዳር እስከ ዳር ሰምተው፣ «በሚቀጥለው ስመጣ ፍርዱን አነባለሁ» ብለው ሄደው፣ አሁን ይሞታሉ? ምን አለ አንብበውት ቢሞቱ! እንዲህ ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር ደንበኛዬ አማተበች። ነጠላውንም ሳትገዛ ሄደች።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ያለነው ሞያሌ ነው፤ በኬንያ በኩል ባለው። በዚያን ዘመን እዚህ የነበረው ፍርድ ቤት ትንሹ ነው። የሰው ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ ግን የሚታየው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መቀመጫው ታች አገር ሆኖ፣ አልፎ አልፎ በፖሊስ ታጅቦ አቧራ ለብሶ ይመጣና በትንሹ ፍርድ ቤት አዳራሽ ያስችላል። በስዋሂሊ ዳኛን ጃጂ ይሉታል። የኛ ጃጂ ስማቸው ሌላ ነው፤ ከተማው ግን የሚያውቃቸው «ጃጂ ንጎጃ» በሚል ነበር። ንጎጃ ማለት ቆይ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላቸው የሎሪ ሾፌሮች ናቸው፤ ሾፌር ደግሞ ስም ሲያወጣ አይስትም።

እኔ ከሕግ ጋር ዝምድና የለኝም። ስሜ አስቴር ነው፤ ከተማው ግን በልጄ ስም ማማ ሳሚ ይለኛል። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ ሆቴል ከፈተ፣ እኔ እዚሁ ተወለድኩ፣ አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከመንገድ፣ ስዋሂሊን ከትምህርት ቤት አገኘሁ። በዚህ ጥፋቴ ጃጂ በመጡ ቁጥር ለአስተርጓሚነት ይጠሩኛል። ሱቄን ዘግቼ መሄድ ነው። አልሄድም ማለት አይቻልም፤ አስካሪ የሚሉት የመንግሥት ዘበኛ ይላካል፣ ጎረቤትም ምን ሠርታ ነው ፖሊስ የመጣባት ይላል።

ሰውዬው ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻይ የሚበቅልበት የደጋ አገር ሰው ናቸው። ሙቀት አይችሉም ግን ካባቸውን አያወልቁም። መንገዱ እግራቸውን ስለሚያሳብጠው ከጠረጴዛው ስር ጫማቸውን ያወልቁ ነበር፤ እኛ ፊት ለፊት የቆምነው የግራጫ ካልሲያቸውን ጫፍ እያየን ነው የሰው ነፍስ ጉዳይ የምንነጋገረው። ሁሉን ነገር በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ። ምስክር አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሳቸው እስክሪብቷቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ «ንጎጃ» ይላሉ፣ ይጽፋሉ፣ ነጥቡን አሳምረው ይነጥቡና እስክሪብቷቸውን ያወርዳሉ። ያኔ ሌላ ዓረፍተ ነገር። ሎሪ በአጠገባችን ካለፈ እስኪያልፍ ንጎጃ። አዛን ከተሰማ እስኪያበቃ ንጎጃ። ፍየል አዳራሹ በር ላይ ከጮኸች፣ ፍየሏም ሐሳቧን ጨርሳ እስክትሄድ ንጎጃ። ኧረ አንዳንድ ቀን ጸጉሬን ልነጭ ይቃጣኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ከኡራን ሁለት ሽማግሌዎች በውሃ ጉድጓድ ተጣልተው ይግባኝ ብለው መጡ። አንደኛው ሽማግሌ ነገሩን ከአያታቸው ግመል ጀመሩት። ግመሉ ጠፋ፣ ግመሉ ተፈለገ፣ ግመሉ ዳበል መንደር ታየ፣ ኧረ ስንቱ። እኔ የሱቄ ነገር በሐሳቤ ነው፤ ሰፊውን አጥብቤ «ጉድጓዱ የኛ ነው ይላሉ» ብዬ በስዋሂሊ አቀረብኩ። እስክሪብቷቸው ወደ ላይ ወጣ። ሽማግሌው ብዙ ተናገሩ፣ አንቺ ጥቂት ነገርሽኝ፣ ግመሉ የት ደረሰ? አሉኝ። ግመል የሚለውን ቃል ከየት ለይተው እንደሰሙት እኔ እንጃ። እንደገና አስጀመሩን። ያ ቀን በግመል አለቀ። ግመሉ ለነገሩ ምንም የጠቀመው የለም፤ መጨረሻ ላይ ጉድጓዱን ለሌላኛው ሽማግሌ ፈረዱት። የተሸነፉት ግን ቅር ሳይላቸው ሲሄዱ አይቻለሁ። ግመሌን የሰማኝ ዳኛ እሳቸው ብቻ ናቸው እያሉ በየሻይ ቤቱ አወሩ።

ለኔም ያን ቀን የሰጡኝ ትእዛዝ እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። «ማማ፣ ትርጉሙን ለኔ ተዪልኝ፤ አንቺ ቃሉን ስጪኝ።» እንደ ሸቀጥ! ቃሉን ብቻ መስጠት ቀላል መስሏቸው። በአማርኛ «አንጀቴን በላኝ» ያለን ሰው በስዋሂሊ እንዴት አድርጌ ነው እንደወረደ የማቀርበው?

አሁን ወደ ወርቅነሽ ልምጣ፤ እሳቸውን ያለ ወርቅነሽ ማንሳት አልችልም።

ወርቅነሽ ከሎሪ መቆሚያው ጀርባ ምግብ ቤት ነበራት። ታደሰ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት፤ እናታቸው ሞተው ጡጦ አጥብታ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጁ ጨዋ ነበር፤ ሲጠጣ ግን አይጣል ነው። አንድ ምሽት ሰክሮ መጥቶ ደንበኞቿን ሲሰድብባት፣ ጎትታ አስወጥታ፣ ሲበርድልህ ትገባለህ ብላ የግቢውን በር ዘጋችበት። ጭቅጭቁን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ጠዋት በሩን ስትከፍት ታደሰ ከግንቡ ስር ወድቆ፣ ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ አርፎ፣ ሞቶ ተገኘ። አጥሩን ዘሎ ሊገባ ሲል ይሁን ሌላ ሰው መትቶት ይሁን ያየ የለም።

ወርቅነሽ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። «እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ ወንድሜ! በገዛ እጄ ነው የበላሁህ!»

እስኪ ልጠይቃችሁ፣ ለቅሶ ላይ እንዲህ የማይል ማን አለ? ልጇን ውሃ ልካ መኪና የገጨባት እናት እንዲህ ትላለች። ባሏን ሐኪም ቤት በጊዜ ያልወሰደች እንዲህ ትላለች። ጎረቤቶቻችን ግን እንዲህ አያለቅሱም። እነሱ ሲሞትባቸው የአላህ ነው ብለው ዝም ነው፤ እንባቸውን እንኳ በሻሻቸው ጫፍ ደብቀው ነው የሚጠርጉት። ፖሊስ መጣና ምንድነው የምትለው አለ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ፍየል ነጋዴው ሁሴን አጠገባቸው ቆሟል። ሁሴን ክፉ ሰው አይደለም። አማርኛው ግን የፍየል ገበያ አማርኛ ነው፤ ስንት፣ ቀንስ፣ ጨምር፣ አረደ፣ ገደለ። የሰማውን ተናገረ፤ «በገዛ እጄ ገደልኩት ትላለች።» መብላቷን እንኳ ትቶላታል፤ ያንን ለፖሊስ መንገር አስፈርቶት ይሆናል። በዚያው ቀን ለቅሶዋን እንኳ ሳትቀመጥ ይዘዋት ሄዱ። የነፍስ ግድያ ዋስትና የለውም፤ እስር ቤት ገባች፣ ምግብ ቤቷም ተዘጋ።

ጃጂ መጡና ጉዳዩ ተጀመረ። ሁሴን መሰከረ፣ ፖሊሱ መሰከረ፣ ጎረቤት ጭቅጭቁን መሰከረ። የቀረው የወርቅነሽ አፍ ነው። ጠበቃዋ ልጅ እግር ነው፣ መንግሥት ያቆመላት። አላልኩም በዪ፣ ወይ ለቅሶ ነው በዪ ብሎ ለምኗታል፤ እኔም እግሯ ስር ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። የምስክር ሳጥን ውስጥ ቆማ፣ ይህን ቃል ተናግረሻል? ስትባል ቀጥ ብላ «ብያለሁ» አለች። እውነት ነው ወይ? ስትባል ደግሞ «በሩን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለች። ጠበቃው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዐቃቤ ሕጉ ክስ መሟገት እንዲህ ቀላል ሆኖለት አያውቅም መሰል ፈገግ አለ። እኔ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ማቅረብ ግዴታዬ ነው፤ አፌን እየመረረኝ አቀረብኩ።

እሳቸው ግን እስክሪብቷቸውን አላወረዱም። ቆዩ፣ ቆዩና ወደኔ ዞሩ። «ማማ፣ አንቺስ ይህን ቃል ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ አስተርጓሚ ምስክር አይደለችም አለ። እኔም ከሱ ጋር ተስማምቼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ተስማማሁ። ለሁለታችንም አንድ ንጎጃ ሰጡን። ምን ላድርግ፤ ለእናቴ ብያለሁ አልኩ። እናትሽን ምን ገደላት አሉኝ። ስኳር አልኩ። ታዲያ ስለምን አንቺ ገደልሽ? በጠናባት ጊዜ እቃ ላመጣ ናይሮቢ ነበርኩ፤ አልደረስኩላትም። ይህን በስዋሂሊ መናገር ስጀምር ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሁሴን ፊት ሳይቀር፣ እንባዬ ወረደ። አቤት የተናደድኩት! ለአንድ ቀን አበል ብዬ የእናቴን ሞት አደባባይ አወጣሁት። እሳቸው ያን ጊዜ ብቻ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንድም ነገር አልጻፉም። አፍንጫዬን ተናፍጬ እስክጨርስ ጠበቁኝ፣ ከዚያ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚሉትን በራሳቸው ቋንቋ አሉኝ።

በዚህ ቢያበቁ ምን ነበረበት። አላበቁም። ይህ ለቅሶ የሚባለው እንዴት እንደሚለቀስ የሚያሰማኝ ሰው አለ? አሉ። ጠበቃው ተሯሩጦ በማግስቱ እትዬ ባፈናን አመጣ፤ የከተማችን አልቃሽ ናት፣ እሷ ያላለቀሰችለት ሬሳ እንዳልተቀበረ ነው የሚቆጠረው። ቃለ መሐላ ፈጸመች። እስኪ አልቅሺ ተባለች። ባፈና ዞር ዞር ብላ አዳራሹን አየች።

«ሬሳ በሌለበት? በማን ላይ ነው የማሟርተው? ወይስ በእርስዎ ላይ ላውርደው?»

ቃሉን ስጪኝ ነው ያሉኝ፤ ሰጠኋቸው። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ጥርሳቸው ትንንሽ ነበር። እሳቸው እየሳቁ ባፈና ግን አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፣ ተኮሳትራ ወርዳ ሄደች። ጃጂ ሊሄዱ ሲሉ መኪናው አጠገብ ጠሩኝና ቃሉን ሰምቻለሁ፣ ለቅሶውን ግን ገና አልሰማሁም፣ እስኪ ላስብበት አሉኝ። ሄዱ። ከዚያ ጉዮ ኮፍያውን አወለቀ።

የሞታቸው ወሬ እንደተሰማ ከተማው በባፈና አፍ አሳበበ። እኔን ያበሸቀኝ ግን እሱ አይደለም፤ የወንበሩ ነገር ነው። አንድ ሰው ሞተ፣ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ፤ ሰው መሾም ነው በቃ። ወዲያው ግን ሁሉም የራሱን ሰው ይጠብቅ ጀመር። እነ እንትና የኛ ጎሳ ሰው ይገባዋል ይላሉ፣ እነ እንትና ካሁን በፊት የናንተ ነበር ይላሉ፣ ሽማግሌ ተመርጦ ናይሮቢ ይላካል፣ የሄደው ሽማግሌ ሳይመለስ ሌላ ሽማግሌ እሱን ሊያስመልስ ይሄዳል። ከታች የሚመጣ ሎሪ ሁሉ አንድ ዳኛ ይሾማል፤ ሾፌሩ ሻይ እየጠጣ እከሌ ሆኗል ይላል፣ ተከትሎት የመጣው ደግሞ ይሽረዋል። ጉዮን ስጠይቀው ጃጂ ይመጣሉ ይለኛል፤ መቼ ስለው ይመጣሉ። የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ማንም የማይቀመጥበትን ወንበር በየማለዳው ትወለውላለች። በዚህ ሁሉ መሃል በዚያ ወንበር እጦት እስር ቤት የተቀመጠች ሴት እንዳለች የሚያስታውስ የለም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ሁሉ ስለ ሹመት ይሳሳቃል፣ የሷ ዕድሜ ይሄዳል።

ሞታቸውን ለወርቅነሽ ያረዳኋት እኔ ነኝ። ምሳ ይዤላት ሄጄ ነገርኳት። ምሳውን ሳትከፍት አጠገቧ አስቀመጠችው። ሁኔታዋ ደስ አላለኝም፤ ቢሆንም የጉብኝት ሰዓት አለቀና ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ ነው የጀመረችው። ለወንድሟ አልቅሳ ሳይወጣላት የተያዘች ሴት ናት፤ የታደሰን እንባ ጨምራ ነው መሰል ያወረደችው። «እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ አባቴ! በኔ ነገር ነው የተንገላታኸው! እኔ ነኝ የበላሁህ!»

የእስር ቤቱ ተረኛ አስካሪ ከታች አገር የመጣች ልጅ ናት፤ አማርኛ አታውቅም። ምንድነው የምትለው ብላ አንዷን እስረኛ ጠየቀች። ጃጂውን እኔ ነኝ የገደልኩት ትላለች አለቻት። በቃ! ሳይመሽ ወሬው ገበያ ደረሰ። ወርቅነሽ ጃጂን በመድኃኒት ገደለቻቸው፣ ራሷ አምናለች። ሁሴን ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ማማ ሳሚ፣ ይቺ ሴት ስንቱን ልትጨርስ ነው አለኝ። በእጄ የያዝኩት መቀስ ሳይሆን ሜትር ነበር፤ እግዜር ነው ያተረፈው።

አዲሷ ጃጂ የመጣችው ሰው ሁሉ መጠበቁን ከተወ በኋላ ነው። ሽማግሌ ያልላከላት፣ ሾፌር ያልሾማት፣ የማንም ጎሳ ያልሆነች፣ በዚያ ላይ ሴት። ከተማው በአንድ ድምፅ ቅር አለው፤ የተስማማበት ቀን እሱ ብቻ ነው። ዕድሜዋ የታናሽ እህቴ ስለሆነ እርስዎ ማለት አፌ ላይ አልመጣልኝ አለ። ፈጣን ናት። ምስክር ሳይጨርስ ገብቶኛል ትላለች። ሎሪ ቢያልፍ፣ ፍየል ብትጮህ ግድ የላትም። ይህን ያህል ዓመት ፍጥነት የተመኘሁ ሴት፣ ተገላገልኩ ማለት ሲገባኝ ፈራሁ። ለካ ሰው የሰለቸውንም ይናፍቃል።

ወርቅነሽን አቆመችና በሕጉ መሠረት ጠየቀቻት። የቀድሞው ዳኛ ፍርድ ሳይሰጡ ስለሞቱ ምስክሮቹ ሁሉ ተጠርተው ነገሩ ከመጀመሪያ ይሰማልሽ፣ ወይስ እሳቸው ከጻፉት ተነስቼ ልወስን? ጠበቃዋ አስቀድሞ መክሯታል። ከመጀመሪያ ይሁን ካለች ገና ብዙ ትታሰራለች፣ ግን ዳኛዋ በጆሮዋ ትሰማለች። ይቀጥል ካለች የሚጠብቃት ወረቀት ላይ የሰፈረው «ገድያለሁ» ነው፤ እሱም የሰው እጅ ጽሑፍ ሳይሆን የጉንዳን ሰልፍ ነው። ሁለቱም መጥፎ ነው፤ ሁለተኛው ግን የስቅላት ገመድ አለበት።

«ይቀጥል» አለች ወርቅነሽ። «በኔ የተነሳ ሰው አይንገላታ።»

ይህችን ሴት ምን ትሏታላችሁ? ካልታዘልኩ አላምንም ያለችው ሙሽራ ትሻላለች። ተረጎምኩት። ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ።

አዲሷ ጃጂ ከመወሰኗ በፊት የሚጨመር ምስክር ያለው አለ ወይ አለች። እዚህ ላይ ዐቃቤ ሕጉን እግዜር አሳሳተው። አለኝ ብሎ ተነሳ። ተከሳሿ ስታምን የመጀመሪያዋ አይደለም፣ እስር ቤት ሆና የሟቹን ዳኛ መግደሏን አምናለች፣ ይህን የሰማች አስካሪ አለች ብሎ ያቺን ልጅ አቀረባት። አስካሪዋ የሰማችውን ሁሉ ተናገረች፤ ጩኸቱን፣ ደረት መደቃቱን፣ እኔ ነኝ የገደልኩህ ማለቷን። ለመጀመሪያ ጊዜ አዲሷ ጃጂ አልቸኮለችም።

ዳኛው የሞቱት የት ነው? አለች። እቤታቸው። ምን ሆነው? ልባቸው ቆሞ። በዚያን ቀን ተከሳሿ የት ነበረች? አስካሪዋ ግራ ተጋባች። «እኛ ጋ ነበረች፣ እመቤቴ። የቆለፍኩባት እኔ ነኝ።»

አዲሷ ጃጂ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞረች። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ለወንድሟ ያለችው ቃልና ለዳኛው ያለችው ቃል አንድ ነው ወይስ ይለያያል አለችኝ። አንድ ነው አልኩ፤ የሚለየው ወንድሜና አባቴ የሚለው ብቻ ነው። ሁሴን ከኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፋ። ይህ ቃል ሰው መግደልን አያስረዳም፣ ከሱ ውጭ ደግሞ ማስረጃ የለም ብላ በዚያው ጠዋት ወርቅነሽን ለቀቀቻት። እኔ እልልታዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ አስካሪዎቹ ናቸው ዝም ያሰኙኝ። ወርቅነሽ ግን ቆማለች፤ ተፈታሽ ስላት «በሩንስ?» አለችኝ። ይሄኔ ነው መጮህ።

ቤቷ ወሰድኳት። ግቢው በር ላይ ስንደርስ አልገባም አለች። እትዬ አስቴር፣ ለቅሶ ሳልደርስ አልገባም አለች። የማን ለቅሶ ስላት የዳኛው። አበድሽ እንዴ፣ ሰውየው ከሞቱ ከረሙ፣ ቤታቸው ከኢሲዮሎ ወዲያ ነው፣ ቋንቋሽን የሚሰማ የለም፣ ምን አገባሽ አልኳት። የአባት ወግ ነው የሚገባቸው፣ ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። ብቻዋን ትሄዳለች፤ አውቃታለሁ። ታዲያ የሷን እልህ ተሸክሜ በከብት ጫኝ ሎሪ ላይ፣ አቧራ እየቃምኩ፣ ጃጂንም ወርቅነሽንም የአባቴንም ሞያሌ መምጣት እየረገምኩ አብሬያት ታች አገር ወረድኩ።

አገራቸው ይበርዳል። ጉም አለ፣ ዙሪያው አረንጓዴ ነው። ሰው ጠይቀን ደረስን። ባለቤታቸው ጎመን የሚቆርጡ ሽማግሌ ሴት ነበሩ። ሰላም እንኳ ሳንል ወርቅነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደጃፉ ላይ ወደቀች። ያንኑ ጀመረች። ጎረቤት እየሮጠ መጣ። ሴትዮዋ ጎመኑን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ምንድነው የምትለው ብለው በስዋሂሊ ጠየቁኝ።

ምን ልበል? እጅግ አዝናለሁ ትላለች ብል ማን ይይዘኛል። ነገር ግን የሰውዬው ቤት ነው፤ በገዛ ደጃፋቸው ላይ ቃል መስረቅ አላስቻለኝም። «እኔ ነኝ የገደልኩህ ነው የምትለው» አልኳቸው።

አልደነገጡም። ይቺ በሩን የዘጋችው ሴት ናት? አሉኝ። ባላቸው እራት ላይ ያነሳት እንደነበር፣ አንቺ ብትሆኚ በሩን ትዘጊ ነበር ወይ እያለ እሳቸውንም ይጠይቃቸው እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ጎመኑን አስቀምጠው ከወርቅነሽ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ምሽት ደረቴን ከበደኝ አለኝ። ድካም ነው፣ ውሃ ጠጣና ተኛ አልኩት። እኔ ነኝ ያስተኛሁት። ንገሪያት፤ እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።»

ነገርኳት። ወርቅነሽ ለቅሶዋን ቁርጥ አደረገች። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ እንደ መቆጣት ብላ፣ ምን ማለታቸው ነው አለችኝ። «ተኛ ያሉት እኮ ጠዋት ይነሳል ብለው ነው። በያቸው!»

አልኳቸው። ሴትዮዋ ወርቅነሽን ትክ ብለው አዩና እጇን ያዙ።

«እሷስ በሩን ስትዘጋ ጠዋት ይገባል ብላ አይደለም? በያት።»

አልኳት። ወርቅነሽ የተያዘውን እጇን ሳታስለቅቅ፣ በሌላው እጇ ወገቧ ላይ ያሰረችውን ነጠላ ፈታች።